የአንጎሌ ምስል «ንጹሕ ነው» ተባለ፤ እኔ ግን ታምሜ ነበር

ይህን የምጽፈው ልጃቸው፣ ወንድማቸው ወይም እኅታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላ ሰው ለሆነባቸው ቤተሰቦች ነው፤ በተለይም የታመመባቸውን ሰው አንጎል በኤምአርአይ አስነሥተው «ምንም የለበትም» የሚል ወረቀት ይዘው ለተመለሱት። እኔ የስኪዞፍሬንያ፣ ማለትም ሐሳብን የሚያዛባና ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚያሰማ የአእምሮ ሕመም፣ ታማሚ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ሲሆን ሕመሙ የጀመረኝ በ2011 ዓ.ም.፣ በ21 ዓመቴ፣ ኮምቦልቻ የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ሳለሁ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ አንጎል የማውቀው ሐኪሞቼ ካስረዱኝና ከተሻለኝ በኋላ ቀስ እያልኩ ካነበብኩት ነው።

ሕመሙ በድምፅ አልጀመረኝም። ብዙ ሰው ታማሚው ድምፅ መስማት የጀመረበትን ቀን የሕመሙ መነሻ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ የእኔ ግን ከዚያ ብዙ ወራት ቀድሞ፣ እኔም ሆንኩ ቤተሰቦቼ ሕመም መሆኑን ሳናውቅ ገብቶ ነበር። በመጀመሪያ እንቅልፌ ተዛባ። ቀጥሎ ከጓደኞቼ ጋር ሻይ መጠጣት አቆምኩ፤ ተጣልተን ሳይሆን ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራ የማንን ቃል መከተል እንዳለብኝ ስለሚጠፋኝ ነበር። ክፍል ውስጥ የመምህሩ ድምፅ፣ ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ በእስክሪብቶው ዴስኩን የሚያንኳኳው፣ በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው ጫማ፣ ሁሉም በእኩል ጉልበት ጆሮዬ ውስጥ ይገቡ ነበር። ሰው ሁሉ ሳያስበው የሚያደርገውን፣ አንዱን ድምፅ አቅርቦ ሌላውን ማራቅን፣ እኔ አጣሁት። አንድ ገጽ ለማንበብ አንድ ሰዓት እቀመጣለሁ፤ ገጹ ሲያልቅ የመጀመሪያው መስመር ከአእምሮዬ የለም። ውጤቴ ሲወርድ እናቴ «ዓይን በልቶት ነው» አለች፤ አባቴ ደግሞ ስንፍና መሰለው።

በዚያው ዓመት ክረምቱ ሲገባ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ሐረጎ ላይ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ስለሚወጣና በዚያ ወቅት ጉም ስለሚወርድበት መኪናው በዝግታ ይሄዳል። ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ እኔ ዘንድ ሲደርስ «አንተ ከፍለሃል» ብሎኝ አለፈ። በእርግጥም ከፍዬ ነበር። ነገር ግን ቃሉ ከሒሳቡ ተላቀቀና የሆነ የማላውቀው ጥፋት ዋጋ ሆኖ ተሰማኝ። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት በስልክ «እየደረሰ ነው» ሲሉ የሚደርሰው ነገር በእኔ ላይ የሚደርስ መሆኑን አልተጠራጠርኩም። የመኪናው ሬዲዮ፣ የመስተዋት መጥረጊያው ምት፣ የሾፌሩ ሳል፣ ሁሉም እርስ በርሱ ተያይዞ ወደ እኔ የሚጠቁም ምልክት ሆነ። ከዚያም ከጆሮዬ ጀርባ የማላውቀው የጎልማሳ ሰው ድምፅ «ውረድ» አለኝ። ወራጅ አለ ብዬ ጮኼ ጉሙ ውስጥ ወረድኩ፤ ደሴ የደረስኩት በእግሬ፣ በዝናብ በስብሼ፣ ከመሸ በኋላ ነው። እናቴ በሩን ስትከፍትልኝ የመጀመሪያው ቃሌ «ማን ነው የላከሽ?» የሚል ነበር።

ቤተሰቦቼ የሚያውቁትን ሁሉ አደረጉ። እናቴ ወዳጃ፣ ማለትም ቡናና ጫት ቀርቦ ዱዓ የሚደረግበትን ስብስብ፣ አስቀመጠች፤ ዱዓ ተደረገ፣ ሼሁም ቁርኣን ቀሩብኝ። ክርስቲያን ጎረቤታችን ከግሸን የመጣ ጸበል በጠርሙስ ይዘው ሲመጡ እናቴ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው። ይህን ሁሉ በክብር አነሣዋለሁ፤ በዚያ በከፋው ጊዜ ብቻዬን አልተተውኩም። የጎደለኝ ከጸሎቱ ጎን ሊሆን ይገባው የነበረው ሕክምና ነው።

አባቴ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። «ሞተር ሳይከፈት ብልሽቱ አይታወቅም፤ የአንጎሉ ውስጥ ይታይልኝ» አለ። እናቴ የወርቅ ሐብሏን ሸጠች፤ አዲስ አበባ ወርደን በአንድ የግል ምርመራ ማዕከል ኤምአርአይ ተነሣሁ። ውጤቱን የሰጠን ሰው «አንጎሉ ጤነኛ ነው፤ በሰላም ግቡ» ብሎ ሸኘን። ደሴ ስንመለስ አባቴ ትልቁን ጥቁር ፊልም ከፖስታው አውጥቶ፣ በሳሎናችን መስኮት ላይ በሁለት እጁ ወጥሮ ለአጎቶቼ አሳያቸው። የአንጎሌ ግራጫ ቁርጥራጮች በረድፍ በረድፍ ሆነው ብርሃኑ ውስጥ ይታዩ ነበር። «ይኸውላችሁ፤ እብጠት የለ፣ ጠባሳ የለ» አለ። ፊቱ ላይ ደስታ ነበር። ከዚያ ደስታ ግን ሁላችንንም የጎዳ መደምደሚያ ወጣ፤ አንጎሉ ጤነኛ ከሆነ ይህ ሕመም አይደለም፣ ወይ ጂን ነው ወይ ልጁ አውቆ ነው የሚል። የምሰማው ድምፅ እንኳ በዚያ ሌሊት «አየህ፣ እኔ ሕመም አይደለሁም» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ያለ ሕክምና አለፈ።

ምግቤ ተመርዟል ብዬ መብላት አቁሜ ሰውነቴ ሲያልቅ፣ በ2012 ዓ.ም. ታላቅ እኅቴ እጄን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችኝ። የተቀበለን የሥነ አእምሮ ነርስ ከአንድ ሰዓት በላይ እኔንም እኅቴንም ለየብቻ ጠየቀ። በሁለተኛው ቀጠሮ አባቴ ፊልሙን ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ነርሱ ፊልሙን በአክብሮት ተመለከተና እንዲህ አለው፦ «አባባ፣ እርስዎ ሾፌር ነዎት። ጦሳ ተራራ ላይ ቆመው ደሴን በሙሉ ፎቶ ቢያነሡ ቤቱም መንገዱም ይታያል። ፎቶው ግን ዛሬ ሐረጎ ላይ መኪና ቆሞ እንደሆነ፣ የትኛው ጭነት ያለ ሰዓቱ እንደገባ ይነግርዎታል?» አባቴ ጥቂት አሰበና «አይነግርም» አለ። «የልጅዎም ነገር እንዲሁ ነው፤ ሰፈሮቹ አሉ፣ የተዛባው በመካከላቸው ያለው ምልልስ ነው።» አባቴ ሕመሜን ሕመም ብሎ መጥራት የጀመረው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

በኋላ እንደተረዳሁት፣ እንዲህ ላለ ሕመም የአንጎል ምስል የሚታዘዘው በአብዛኛው ሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ ዕጢ፣ የደም መፍሰስ ወይም የአንጎል ብግነት አለመኖሩን ለማረጋገጥ ነው። ስኪዞፍሬንያን ራሱን በፊልም አይቶ የሚያረጋግጥ ምርመራ የለም። ሕመሙ የሚታወቀው የሠለጠነ ባለሙያ ታማሚውንና ቤተሰቡን በጥንቃቄ ጠይቆ፣ ምልክቶቹ ቢያንስ አንድ ወር ያህል መቆየታቸውን አይቶ፣ ሌሎች መንስኤዎችን አጣርቶ ነው። ስለዚህ «ንጹሕ ነው» የሚለው ወረቀት ዕጢ የለም ይላል እንጂ ሕመም የለም አይልም። ይህንን አንድ ዓረፍተ ነገር ውጤቱን ስንቀበል የነገረን ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ስምንት ወር ይተርፍልኝ ነበር።

የግንኙነት መዛባት የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቬርኒከ የእብደት ምልክቶች የአንጎል ክፍሎችን የሚያስተሳስሩ መስመሮች ከመላላታቸው ሊመጡ እንደሚችሉ ጽፎ ነበር። ስኪዞፍሬንያ የሚለውን ስም በ1908 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስዊዘርላንዳዊው ኦይገን ብሎይለር ሲሆን ቃሉ ከግሪክ የተወሰደና የአእምሮ መሰንጠቅን የሚያመለክት ነው፤ ሰውየው ሁለት ማንነት አለው ለማለት ሳይሆን አብረው መሄድ የሚገባቸው ሐሳብና ስሜት እርስ በርስ መለያየታቸውን ለመግለጽ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለንደን ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ካርል ፍሪስተንና ክሪስ ፍሪዝ ይህንኑ ሐሳብ በዘመናዊ የአንጎል ምስል ላይ ተመሥርተው፣ ችግሩ የአንድ ክፍል ብልሽት ሳይሆን ክፍሎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መንገድ መዛባት ነው በማለት አቀረቡት።

የአንጎልን ክፍሎች የሚያገናኙት ረጃጅም የነርቭ ክሮች ማይሊን በሚባል ስብ የበዛበት ሽፋን የተጠቀለሉ ስለሆኑ ነጣ ብለው ይታያሉ፤ በዚህም የተነሣ ነጭ ቁስ ይባላሉ። ለምርምር የሚውል አንድ የኤምአርአይ ስልት በዚህ ነጭ ቁስ ውስጥ የውኃ ቅንጣቶች ምን ያህል የክሮቹን አቅጣጫ ተከትለው እንደሚንቀሳቀሱ ይለካል። በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ከተለያዩ አገሮች የተሰባሰቡ 29 የምርምር ቡድኖች የ4,322 ሰዎችን ምስል አንድ ላይ መረመሩ፤ ከእነዚህ ውስጥ 1,963ቱ የስኪዞፍሬንያ ታማሚዎች ነበሩ። በታማሚዎቹና በጤነኞቹ መካከል የታየው ልዩነት በአንድ ቦታ የተወሰነ ሳይሆን በአብዛኛው ነጭ ቁስ ላይ ተሠራጭቶ ተገኘ። ይሁን እንጂ ልዩነቱ በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች አማካይ ሲነጻጸር ብቻ የሚለይ፣ ለአንድ ሰው ግን ስስ የሆነ ነው፤ ብዙ ታማሚዎች የሚያሳዩት መጠን ከጤነኞቹ ጋር ይደራረባል። አባቴ መስኮቱ ላይ የዘረጋው ፊልም ይህን ሊያሳይ የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉም በላይ የራሴን ታሪክ የገለጠልኝ ግን ስለ ታላመስ ያነበብኩት ነው። ታላመስ በአንጎል መካከል ያለ፣ ከዓይንና ከጆሮ የሚመጣው መልእክት ወደ ላይኛው የአንጎል ክፍል ሲሄድ የሚያልፍበት ቦታ ነው። በስኪዞፍሬንያ ታማሚዎች ላይ በተደጋጋሚ የታየው፣ ታላመስ ከፊተኛው የአንጎል ክፍል፣ ማለትም ከሚያመዛዝነውና ከሚመርጠው ክፍል ጋር ያለው ግንኙነት ሲላላ፣ ከስሜት ሕዋሳትና ከእንቅስቃሴ ክፍሎች ጋር ያለው ግን ሲበረታ ነው። ተመሳሳይ ነገር ሕመሙ ገና ሙሉ በሙሉ ባልተገለጠባቸው፣ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች በታዩባቸው ወጣቶች ላይም ተገኝቷል። ይህን ሳነብ ያ እስክሪብቶ ትዝ አለኝ። የእስክሪብቶው ኳኳታ የመምህሩን ድምፅ ያህል ይጮኽብኝ የነበረው በስንፍናዬ አልነበረም። ሌላም አለ፤ ጤነኛ ሰው ሐሳቡን ወደ ውስጥ ሲለቅ የሚነቃቃ የአንጎል መረብ አለ፣ ወደ ሥራ ሲመለስም ጋብ ይላል። በእኛ ላይ ይህ መረብ በሥራ ሰዓትም በሚገባው ልክ ጋብ አይልም፤ የውስጡና የውጭው ዓለም በአንድ ላይ ይበራሉ።

ድምፁን በተመለከተ ያወቅኩት ነገር ደግሞ ከፍርሃት አውጥቶኛል። ሰው ሲናገር ወይም በልቡ ሲያወራ ንግግሩን የሚያዘጋጀው የአንጎል ክፍል ለሚሰማው ክፍል «ይህ የእኔው ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ ይልካል፤ ሰሚው ክፍልም ምላሹን ዝቅ ያደርጋል። በስኪዞፍሬንያ ይህ ዝቅታ እንደሚቀንስ ታይቷል። ማስጠንቀቂያው ሳይደርስ ሲቀር የገዛ ሐሳብ ባለቤቱ እንዳልታወቀ እንግዳ በር ያንኳኳል። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ይህን በቀላል መንገድ አሳይቷል። ማንም ሰው ራሱን ሲኮረኩር ሌላ ሰው የኮረኮረውን ያህል አይሰማውም፤ ድምፅ የሚሰሙ ወይም ሌላ ኃይል እንደሚያንቀሳቅሳቸው የሚሰማቸው ታማሚዎች ግን በራሳቸው እጅ መነካትና በሌላ ሰው መነካት ተመሳሳይ ሆኖ ተሰምቷቸዋል። «ውረድ» ያለኝ ድምፅ ሐረጎ ላይ በጉም ውስጥ መኪናው ይገለበጣል ብዬ የፈራሁት የራሴ ፍርሃት እንደነበር ዛሬ አምናለሁ። ድምፁ እውነት ይሰማኝ ነበር፤ የውጭ ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ ለቤተሰብ የምለው፣ «ምንም ድምፅ የለም» ብላችሁ አትከራከሩ፤ ታማሚው እየሰማ ነው። እኅቴ «እኔ አልሰማሁትም፤ ግን እንዳስፈራህ አያለሁ፣ አብሽር፣ አጠገብህ ነኝ» ትለኝ ነበር። ከዚያ የተሻለ ንግግር እስካሁን አላገኘሁም።

እናቴ ለረጅም ጊዜ ራሷን ስትወቅስ ኖራለች፤ ትምህርቱ በዛበት፣ ሳይማር ቢቀር ይሻለው ነበር ትል ነበር። በአገራችን ቡታጅራ አካባቢ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 በሆኑ 68,378 ሰዎች ላይ ቤት ለቤት የተደረገው ትልቅ ጥናት ሕመሙን ያገኘው በአብዛኛው በገጠር ሰው ዘንድ ነው፤ ትምህርት በዛባቸው የሚባሉ አልነበሩም። ይህን ስነግራት አለቀሰች፣ ከዚያም ዝም አለች። አንጎል በጉርምስና ዕድሜ የማይፈልጋቸውን የነርቭ መገናኛዎች እየገረዘ የቀሩትን ያጠነክራል፤ ማይሊኑም እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ ድረስ መሸፈኑን ይቀጥላል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በጉርምስና ማብቂያና በሃያዎቹ ዕድሜ መታየቱ ከዚህ ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ሐኪሞች ያስባሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. ሲ4 የሚባል በመገናኛዎች መገረዝ ውስጥ ድርሻ ያለው ጂን ከሕመሙ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል፤ ሆኖም ብዙ ጂኖችና ብዙ ነገሮች ተደምረው እንጂ አንድ ጂን ብቻውን ሕመሙን አያመጣም። አስተዳደግም አያመጣውም። ጫት ግን ምልክቶቹን እንደሚያባብስ ከራሴ ዐይቻለሁ፤ ሐኪሜም አጥብቆ ከልክሎኛል። ወሎ ውስጥ ይህን ማለት ቀላል አይደለም፤ ወዳጃ ሲቀመጥ ዛሬ እኔ ቡናውን ጠጥቼ ዱዓውን እቀበላለሁ፣ ጫቱን አልፈዋለሁ።

የታዘዘልኝ ሪስፐሪዶን ነው። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች የነርቭ ክሮቹን አይጠግኑም፤ ዋናው ሥራቸው ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር የሚያስተላልፈውን መልእክት ማርገብ ነው። ዶፓሚን ለአንጎል «ይህ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል» የሚል ምልክት ይሰጣል፤ ያለ ቦታው ሲበዛ የሚኒባስ ረዳት ተራ ቃል ታላቅ ምሥጢር ይሆናል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ድምፁ ከጎረቤት ቤት እንደሚሰማ ሬዲዮ ራቀ፣ ከዚያም ጠፋ። ትኩረቴ ግን እንዲህ ቶሎ አልተመለሰም፤ መጽሐፍ ገልጬ ያነበብኩትን መያዝ የቻልኩት ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። መጀመሪያ ላይ ሰውነቴ ይገታተር፣ እግሬም አልቀመጥ ይለኝ ነበር። በዚህ ምክንያት መድኃኒቱን ልጥል ስል ነርሱ መጠኑን አስተካከለልኝ፤ የጎንዮሽ ጉዳት ሲመጣ መፍትሔው መናገር እንጂ በራስ ማቆም አይደለም። ሕክምና ሳይጀመር የሚቆየው ጊዜ በረዘመ መጠን የማገገሙ ዕድል እየቀነሰ እንደሚሄድ በብዙ አገሮች ታይቷል፤ ያ ስምንት ወር ዛሬም የሚቆጨኝ ለዚህ ነው።

ማቋረጥ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. አየሁት። ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲደርስ ቤተሰባችን በሌሊት ወጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸ። የያዝኩት የ11 ቀን መድኃኒት ነበር። ካለቀ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ደኅና ነበርኩ፤ እንዲያውም ጤነኛ ነኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ተጠልለንበት በነበረው ቤት የሰዎቹ ንግግር እንደገና በእኩል ጉልበት ይገባብኝ ጀመር። እኅቴ ቀድማ አውቃ፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን በቃሏ ይዛ ስለነበር፣ እዚያው ባለ ጤና ጣቢያ አስጻፈችልኝ። ከዚያ ወዲህ የመድኃኒቱ ስምና መጠን የተጻፈበት ወረቀት ከመታወቂያዬ ጋር አይለይም፤ የአንድ ወር ትርፍ መድኃኒትም ቤት ውስጥ ይቀመጣል።

ቤተሰቦቼ በቤት ውስጥ ያደረጉት ለውጥ ጥቂት ነው፤ ግን ብዙ ረድቶኛል። ሲያናግሩኝ ቴሌቪዥኑን ይዘጋሉ። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይናገራል፤ ነገሩም በአጭሩ ይነገረኛል። መልስ ለመስጠት ስዘገይ እንዳልሰማሁ ቆጥረው አይደግሙብኝም። እንግዳ ሲበዛ ወደ ጓዳ ብገባ ማንም «ምነው ኮራህ» አይለኝም። ራስን ወይም ሌላን ሰው የመጉዳት ስጋት ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ወደ ምህንድስናው አልተመለስኩም። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሒሳብ እይዛለሁ፤ በየወሩ ሐረጎን ወጥቼ መድኃኒቴን እወስዳለሁ። ከእኅቴ ጋር ተስማምተን ሦስት ምልክቶች በወረቀት ጽፈናል፤ ሁለት ሌሊት ተከታትሎ ከአራት ሰዓት ያነሰ መተኛት፣ ትናንሽ ድምፆች እንደ እስክሪብቶው መጮኽ፣ የሰው ተራ ቃል ለእኔ የተላከ መልእክት መምሰል። ከሦስቱ ሁለቱ ከታዩ እኔን ሳታስፈቅድ ቀጠሮዬን እንድታስቀድም ፈርሜላታለሁ። ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ትይዘዋለች። ባለፈው ግንቦት ተጠቀመችበት፤ መጠኑ ለሦስት ሳምንት ከፍ ተደረገልኝ፣ ከሥራዬም የቀረሁት አራት ቀን ብቻ ነው።